በአዲስ አበባ ኪስ ሳይጎዳ አብሮ መዋል፦ ጥያቄና መልስ

ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ጥቂት ሰዓታት ለመጨዋወት ምን ያህል ማውጣት አለባቸው የሚለው ጉዳይ፣ ኑሮ በከበደበት በዚህ ጊዜ ብዙ ጥንዶችን ያሳስባል። ለዓመታት አዲስ አበባን በእግር ሳስጎበኝ ስለ ኖርሁና ከባለቤቴም ጋር የተዋወቅነው በእነዚሁ መንገዶች ላይ ስለ ሆነ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች መልሻለሁ። የመግቢያ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ በብር ቁጥር አልጠቀስሁም፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሎ ወይም በቅርብ የሄደ ሰው ጠይቆ ማረጋገጥ ይበጃል።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን፤ ከታክሲ ሒሳብ የሚተርፍ ብዙ ገንዘብ የለንም። ካፌ ሳንቀመጥ ግማሽ ቀን የምናሳልፍበት ቦታ ይኖራል?

መልስ፦ ካፌ ውስጥ ገንዘባችሁ የሚሄደው በአብዛኛው ለመቀመጫው ነው፤ አንድ አንድ ማኪያቶ ይዛችሁ ሁለት ሰዓት ስትቆዩ አስተናጋጁ «ሌላ ምን ልታዘዝ?» ማለቱ አይቀርም። ስለዚህ ቀጠሮውን በእግር አድርጉት። ከአራት ኪሎ እስከ ስድስት ኪሎ ያለው መንገድ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ሆኖም በዚህ አጭር ርቀት ይህን ያህል የሚታይ ነገር ያለበት ሌላ መንገድ በከተማው ውስጥ አላውቅም። መነሻው የሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ድልን የሚዘክረው ሐውልት ሲሆን፣ መድረሻው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ወታደሮች ለተጨፈጨፉት የከተማዋ ነዋሪዎች የቆመው የሰማዕታት ሐውልት ነው። በመካከል፣ አምስት ኪሎ አጠገብ፣ ብሔራዊ ሙዚየም አለ፤ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውና 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቆጠረችው ድንቅነሽ ቅጂዋ የሚታየው እዚያ ነው፤ ለኢትዮጵያዊ የሚጠየቀው ክፍያም ከአንድ ምሳ ዋጋ እጅግ ያነሰ ነው። ልጆች ሳላችሁ ከትምህርት ቤት ጋር ሄዳችሁ ከሆነ «አይተነዋል» ብላችሁ አትለፉት፤ ያን ጊዜ ተሰልፋችሁ አልፋችሁት ይሆናል እንጂ ፎቅ ወጥታችሁ ሥዕሎቹን በእርጋታ እንዳላያችሁ እገምታለሁ።

ስድስት ኪሎ ስትደርሱ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘው ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረው ሕንፃ ውስጥ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የሰጡት ይህ ሕንፃ የንጉሡን መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ክፍል ጭምር ያሳያል። ከፊት ለፊቱ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል፤ ጣሊያኖች እያንዳንዱን እርከን ለፋሺስት አገዛዝ አንድ ዓመት እያደረጉ የሠሩት ሲሆን፣ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ከነፃነት በኋላ በጫፉ ላይ የይሁዳን አንበሳ አስቀመጡበት። ጨዋታ ቢያልቅባችሁ እዚያ መቆም በቂ ነው። ወደ ግቢው ለመግባት በር ላይ መታወቂያ ስለሚጠየቅ ሁለታችሁም ይዛችሁ ሂዱ።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ወጪው ከባድ ነው ሲሉ እሰማለሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወጪው የሚከብደው እንጦጦን በመኪናና በምግብ ቤት ብቻ ለሚያስብ ሰው ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ኪስ የሚያራቁቱት ጨዋታዎቹ፣ የፈረስ ግልቢያውና ምግብ ቤቶቹ ናቸው፤ በባሕር ዛፉ መካከል መሄድና ከተማውን ቁልቁል ማየት ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። እስከ ሽሮ ሜዳ በአውቶቡስ ወይም በሚኒባስ ሂዱና ከዚያ ወደ እንጦጦ ማርያም የሚወጣውን ታክሲ ያዙ። አፄ ምኒልክ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በዚችው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ አጠገቧ ያለው የጭቃ ግድግዳ ቤተ መንግሥትም ዛሬ «ቤተ መንግሥት» ስንል ከምናስበው እጅግ የራቀ ስለ ሆነ መታየት አለበት። ስትመለሱ ጉልበት ካላችሁ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግር ውረዱ፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ የተዘረጋውን የሐበሻ ልብስ ማየት አይከፈልበትም፤ እርግጥ ነው፣ ማየት ብቻ ሆኖ መቅረቱን ዋስ አልሆንም።

ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ግድም ስለ ሆነ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይበርዳል። ስለዚህ ጃኬት ወይም ጋቢ ያዙ፤ ቆሎና ውኃም ከቤት ይዛችሁ ውጡ። ከዋናው መንገድ ርቃችሁ ወደ ጫካው ብቻችሁን አትግቡ፤ ከመምሸቱም በፊት ውረዱ። ይበልጥ ጸጥታ የምትሹ ከሆነ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሰፋው የጉለሌ እጽዋት ማዕከል በሥራ ቀናት ሰው አይበዛበትም።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ልንገናኝ ነው፤ እርሷ ሰው ያለበት ቦታ ይሁን ብላለች፣ እኔ ደግሞ ገንዘቤ ውስን ነው። የት ልቅጠራት?

መልስ፦ ልክ ብላለች። የመጀመሪያው ቀጠሮ በቀን፣ በአደባባይና አጭር ቢሆን ለሁለታችሁም ይመቻል። ፒያሳ ያለውና ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቶሞካ ለዚህ የተፈጠረ ይመስለኛል፤ ቡናው የሚጠጣው ከፍ ባሉ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ቆሞ ስለ ሆነ፣ ካልተጣጣማችሁ ስኒያችሁን ጨርሳችሁ በክብር ትለያያላችሁ፤ ከተጣጣማችሁ ደግሞ ወጥታችሁ በእግር ትቀጥላላችሁ። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቅርብ ነው፤ ወደ ሙዚየሙ ለመግባት ክፍያ አለው፤ ካልቻላችሁ ግን በዙሪያው ያለውን አደባባይ መዞርም ያዋጣል። አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነጻ መሆኑን አይተው ብዙዎች ለመጀመሪያ ቀጠሮ ሲመርጡት አይቻለሁ፤ ሁለት ሰዎች እንዲተዋወቁ ማውራት አለባቸው፣ እዚያ ደግሞ ማውራት አይቻልም። ለፈተና አብራችሁ ስታጠኑ ሂዱበት። የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየምም እያንዳንዳችን ልናየው የሚገባ ቢሆንም፣ የሰው አጽም አይቶ ወጥቶ መተዋወቅ ይከብዳልና ለሌላ ቀን አቆዩት።

ጥያቄ፦ ሁልጊዜ ወንዱ መክፈል አለበት?

መልስ፦ ቦታውን የመረጠው ሰው ይክፈል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሌላው ይምረጥና ይክፈል። ወንዱ አቅሙን ሳይናገር ተበድሮ ሲጋብዝ፣ ሴቲቱም እንዳታሳፍረው ብላ ያልፈለገችውን ስታዝዝ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ ከዚያ ይልቅ አስቀድሞ «ዛሬ ያለኝ ይህን ያህል ነው፤ በእግር እንሂድና መጨረሻ ላይ ጁስ እንጠጣ» ማለት ይቀላል። ይህን ሰምታ የምትቀየም ከሆነች ደግሞ ያንን በጊዜ ማወቅ ይጠቅምሃል።

ጥያቄ፦ ክረምት ሲገባ ምን እናድርግ? ከሰኔ ጀምሮ መውጣት ሊያቅተን ነው።

መልስ፦ በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ቀጠሮውን ወደ ጠዋት ማምጣት ግማሹን ችግር ይፈታል። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ግን ቤት ውስጥ የሚታይ ነገር ምረጡ፦ ከላይ የጠቀስኋቸው ብሔራዊ ሙዚየምና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም፣ ወይም እዚያው ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገብረ ክርስቶስ ደስታ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል። መንገድ ዳር ከሰል ላይ የሚጠበስ በቆሎ የዚህ ወቅት ጸጋ ነውና አንዱን ለሁለት ሰብራችሁ ተጠልላችሁ ብሉ። ዝናቡ ሲያበቃ፣ በመስከረም፣ እንጦጦና የካ አደይ አበባ ይለብሳሉ፤ ከዓመቱ ሁሉ አንድ ወር ምረጥ ብባል የምመርጠው እርሱን ነው።

ጥያቄ፦ በጾም ወቅት አብሮ መብላት ያስቸግራል። እርሷ ዐቢይ ጾምን ትጾማለች፣ እኔ አልጾምም።

መልስ፦ የማታስፈስክ ከሆነች ሥጋ ቤት አጠገብ አትቅጠራት፤ ይህ ከገንዘብ ይልቅ የአክብሮት ጉዳይ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆይ ከሆነች ደግሞ በዚያው ሰዓት ግድም ተገናኙ። የጾም በየዓይነቱ ለሁለት ሰው አንዱ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ከፍስክ ምግብም በዋጋ ይቀላል፤ ስለዚህ በጾም ወቅት መጋበዝ እንዲያውም ኪስ ያሳርፋል። በረመዳን ጥያቄው ተመሳሳይ ሲሆን መልሱ ሰዓቱን ወደ ማፍጠሪያ ማዞር ነው፤ ተምር፣ ሾርባና ሳምቡሳ ገዝቶ አብሮ መጠበቅ ለማይጾመውም ደስ ይላል።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ሥራ ላይ ነን። ለምሽት የሚሆን ነጻ ቦታ አለ?

መልስ፦ በከተማችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለምትጠልቅ፣ ከሥራ ወጥታችሁ የምታገኙት የቀን ብርሃን ጥቂት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት የተሠሩት የእግረኛ መንገዶች ሰፊ፣ መብራት ያላቸውና መቀመጫም ያላቸው ስለ ሆኑ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ማምሻውን በእግር መሄድ ዛሬ ይቻላል። የድሮዋን ፒያሳ ቤቶች የምናስታውስ ሰዎች በዚያ ስናልፍ ልባችን ቅር ይለዋል፤ ለመራመድ ግን መንገዱ ተመችቷል። ስልካችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ በመንገዱ ጠርዝ አትሂዱ፤ በሞተር ሳይክል የሚነጥቁ አሉ። የመንግሥት ሕንፃዎችንና ቤተ መንግሥቱን ፎቶ አታንሱ። የመመለሻ ታክሲም ሰልፉ ሲረዝም ሌሊት ስለሚሆን፣ በተለይ ከሁለታችሁ አንዱ ሩቅ የሚኖር ከሆነ፣ ጊዜውን የሚወስነው ጨዋታው ሳይሆን የመጨረሻው አውቶቡስ ይሁን።

ጥያቄ፦ ከተጋባን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል፤ ሁለት ልጆች አሉን። እኛ ይህ አይመለከተንም?

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የሚመለከተው እናንተን ነው፤ የእናንተ እጥረት ከገንዘቡ ይልቅ ሰዓቱ ስለ ሆነ። ልጆቹን እሑድ ጠዋት ለአያት ወይም ለእኅት አደራ ሰጥታችሁ በማለዳ መስቀል አደባባይ ሂዱ፤ በደረጃው ላይ የሚሮጠውና በሙዚቃ ስፖርት የሚሠራው ሰው ብዙ ስለ ሆነ ማንም አያያችሁም፣ ክፍያም የለውም። ከዚያ አንድ ፉል ለሁለት አዝዛችሁ ቁርስ ብሉና ልጆቹ ሳይሰለቹ ተመለሱ። አደራ የሚቀበል ሰው ካጣችሁ ደግሞ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ቡና አፍልታችሁ ከአቦል እስከ በረካ ስልክ ሳትነኩ ተቀመጡ፤ በዚህ ሰዓት ስለ ትምህርት ቤት ክፍያና ስለ ቤት ኪራይ አታንሡ።

ጥያቄ፦ ቴአትርና ሙዚቃ ለእኛ ዐቅም ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው ብሔራዊ ቴአትር ትኬታቸው ከአንድ መካከለኛ ምግብ ቤት ሒሳብ በታች ነው፤ የሚታየውን ከበር ላይ ካለው ማስታወቂያ አንብቡ። አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝና የጎተ ተቋም የሚያዘጋጇቸው የሥዕል ዐውደ ርእዮች ብዙዎቹ ነጻ ናቸው፤ በአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ሥራቸውን የሚያሳዩበት ወቅት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ደስ ይለኛል፤ ሠዓሊው ራሱ ከሥዕሉ አጠገብ ቆሞ ስለሚያገኛችሁ ወሬው በራሱ ይመጣል።

ጥያቄ፦ እጮኛዬ ከአሜሪካ በጥር ትመጣለች፤ የውጭ ዜግነት አላት። ብዙ ሳላወጣ ከተማውን እንዴት ላሳያት?

መልስ፦ በሙዚየሞችና በፓርኮች ለውጭ ዜጋ የሚጠየቀው ክፍያ ከኢትዮጵያዊው የሚበልጥ መሆኑን ከወዲሁ አስብበት፤ ስለዚህ የሚከፈልበትን አንድ ወይም ሁለት ብቻ ምረጥና ሌላውን በበዓሉ ሙላው። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ ታቦታቱ ወደ ጃንሜዳ ሲወርዱና ሲመለሱ ማጀብ ምንም አያስከፍልም። ነጭ ልብስ ትልበስ፤ ከሽሮ ሜዳ የሚገዛ ነጠላ ለዚህ ይበቃል። የቆየውን ልማድ ከወደድህ ሎሚ ያዝ፤ ቀድሞ ጎረምሳ ልጅቱን የሚያጫት ሎሚ ወርውሮባት ነበርና የእናንተ ነገር አስቀድሞ ያለቀ ቢሆንም መወርወሩ አይከለከልም። መንገዶች ስለሚዘጉ በታክሲ አትተማመን፤ ከስድስት ኪሎ ጀምራችሁ በእግር ሂዱ፣ ጫማዋም ለረጅም መንገድ የሚሆን ይሁን፣ ሕዝቡ ሲበዛ ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ ደግሞ ከቤት ስትወጡ ተስማሙ፤ በዚያ ቀን ስልክ መጨናነቁ የታወቀ ነው።