ሞተርና ድንኳን ይዛችሁ ብቻችሁን ለምትወጡ ልጆቼ

ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ሐዋሳ ውስጥ ሞተር ያላችሁ ወጣቶች ቅዳሜና እሁድን ከከተማ ወጥታችሁ ማደር እየለመዳችሁ ነው። ድንኳኑን ከኋላ ጠፍራችሁ፣ አስፋልቱን ትታችሁ፣ በኮሮኮንቹ ወደ ደጋው ትወጣላችሁ። ከመውጣታችሁ በፊት ምክር ብላችሁ ወደ እኔ የመጣችሁም አላችሁ። እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። የሥራ ዘመኔን አብዛኛውን ያሳለፍኩት በሲዳማ ወረዳዎች፣ የክትባት ሳጥን በተጫነበት ሞተር ላይ ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ መንገዱን አልተውኩትም። በየተራ የጠየቃችሁኝን አሁን አንድ ላይ ልጻፍላችሁ።

የሁላችሁም የመጀመሪያ ጥያቄ "ብቻዬን ልሂድ ወይስ ከጓደኛ ጋር?" የሚል ነው። ብቻችሁን ሂዱ። ይህን በማለቴ እናቶቻችሁ እንደሚቀየሙኝ አውቃለሁ። "ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል" እየተባለ ባደግንበት አገር፣ ቤት እያለው ብርድ ላይ ለማደር የሚወጣ ልጅ አንድ ነገር የሆነ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችሁን ቤት ውስጥ ቤተሰብ፣ መሥሪያ ቤት አለቃ፣ በቀረው ሰዓት ደግሞ ስልክ ይወስንላችኋል። ተራራው ላይ ደመና ሲከብድ "ልቀጥል ወይስ እዚሁ ልደር?" የሚለውን ግን ከእናንተ በቀር የሚወስን የለም፤ ውሳኔው ባያምር የምትወቅሱትም ሰው የለም። ለወጣት ከዚህ የተሻለ ትምህርት ቤት አላየሁም። ሁለትና ሦስት ሆናችሁ ስትወጡ ደግሞ ፍጥነቱን የሚወስነው መንገዱ መሆኑ ይቀርና ፉክክሩ ይሆናል። ከአቅሙ በላይ የሚነዳውም ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ የቀረው ልጅ ነው፤ ልድረስባቸው እያለ።

ብቻችሁን ውጡ ስል ግን ሰው ወደሌለበት ሂዱ ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለ ቦታ ብትፈልጉም አታገኙም። ሲዳማ በአገራችን ሕዝብ ጥቅጥቅ ብሎ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከይርጋለም በላይ በእንሰትና በቡና መሐል የሚያልፈውን ጥርጊያ መንገድ ያዙና እዩት፤ የአንዱ አጥር ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል። ለጥ ያለ አረንጓዴ ሜዳ አይታችሁ "ለድንኳን የተሠራ ቦታ!" ብትሉ፣ ያ ሜዳ ጉዱማሌ ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጨምበላላ፣ የሚከበርበት። ጥላው የሰፋ ትልቅ ዛፍ ብታዩም ሥሩ ሶንጎ የሚቀመጥበት፣ ሽማግሌዎች የአገር ነገር የሚሰሙበት ይሆናል። የትም ብትተክሉ፣ የምትተክሉት ሰው ደጅ ላይ ነው። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙ።

አንዳንዶቻችሁ ማንም ሳያየን ከዛፍ ውስጥ ገብተን ብናድር ይሻላል ስትሉ ሰምቻለሁ። አይሻልም፤ በጣም አደገኛው አዳር እሱ ነው። በመጀመሪያ ነገር ተደብቃችሁ አትቀሩም፤ እረኛ የማያየው ነገር የለም። በጨለማ ባትሪ እያበራ ከአጥር ጀርባ የሚንቀሳቀስ የማይታወቅ ሰው ደግሞ ለገበሬው የከብት ሌባ ነው፤ በዚያ ሰዓት ጩኸት ተነሥቶ ሰው ዱላ ይዞ ከወጣ በኋላ ስለ ሽርሽር ማስረዳት አይቻልም።

መጠየቅ ሥርዓት አለው። በእኛ አገር ጀምበር ከገባች ጨለማው ፈጥኖ ይመጣል፤ ስለዚህ አመሻሹ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የትም ብትሆኑ መንገዱን አቁማችሁ ማደሪያ ፈልጉ። ሞተሩን ከቤቱ ራቅ አድርጋችሁ አጥፉት። ደጃፍ ድረስ እያጓራ የሚመጣ ሞተር ሕፃኑንም ዶሮውንም ያስደነግጣል፣ የመንግሥት ሰው መጣም ያሰኛል። ሄልሜታችሁን አውልቁ፤ ፊቱ የማይታይ ሰው አይታመንም። ከአጥሩ ውጭ ቆማችሁ "ቤቶች!" በሉ። በሲዳሙ አፎ፣ በሲዳማ ቋንቋ ማለቴ ነው፣ ሰላምታ ለመስጠት የሚበቃ ቃል ሐዋሳ ኖራችሁ ካልያዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ተማሩ። አባወራው ከሌሉ ሴትና ልጆች ወዳሉበት ግቢ አትግቡ፤ እስኪመጡ ጠብቁ ወይም በዕድሜ የገፋ ጎረቤት ጠይቁ። ከዚያ ከየት እንደመጣችሁ፣ የማን ልጅ እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ ነገ በስንት ሰዓት እንደምትነሡ ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ መታወቂያም አሳዩ። "የመሸብኝ እንግዳ ነኝ" የሚለው ቃል እስከ ዛሬ በር ይከፍታል። የእኛ ሥራ ሁሉ በዚህ ቃል የቆመ ነበር። ከብት ይፈጅ የነበረው «ደስታ» የተባለው በሽታ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ሁሉም ክትባቱን አመሰገነ፤ ይገባዋልም። እኔ ግን የማስበው መሽቶባቸው በየደጁ "ቤቶች!" ያሉትን ሠራተኞችና አሳድረው በማግስቱ ከብቶቻቸውን ያወጡላቸውን ገበሬዎች ነው። ክትባቱ ከብቱ ጋ የደረሰው በእነሱ በኩል ነው።

በሩ ሲከፈትላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ይመጣል፤ ውጭ ማደራችሁን አይቀበሉም። ሁላ ወረዳ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ድንኳኔን ስፈታ አይተው እጄን ያዙኝ። "ደጄ ላይ ድንኳን አይተከልም፤ ጎረቤቱ ማን ሞተባቸው ብሎ ይሰበሰባል" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በእኛ ዘንድ ድንኳን የለቅሶ ነው፣ ካልሆነም የሠርግ፤ ለአንድ ሰው መኝታ ሲተከል ያየ የለም። ቡና ተፈላ፣ ብዙ ተባባልን፣ በመጨረሻ ከቤቱ ጀርባ በእንሰቱና በበረቱ መሐል ፈቀዱልኝ፤ ከመንገድ እንዳይታይ። ጎረቤቶች ግን ሰምተው መጡ። ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን ድንኳኑ ውስጥ አስተኝተው ዚፑን እየከፈቱና እየዘጉ አሳዩዋቸው። እናንተም ከቤቱ ፊት ለፊት አትትከሉ፤ ቡናውንም ሳትጠጡ አትግቡ። ብቻችሁን ለመሆን መጥታችሁ ማምሻውን ከሰው ጋር መቀመጣችሁ አያስከፋችሁ። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ለብቻ መሆን የሚበቃ ሰዓት ይተርፋችኋል።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ደጋው ለቡና ይበርዳል፤ ስለዚህ አለታ ወንዶ ላይ ቡና ገዝታችሁ ውጡ፣ ስኳርና ሳሙና ጨምሩበት። ለከብቶቹ ጨው ብትወስዱ ደግሞ ባለቤቱ ከልብ ይደሰታል። ማታውኑ ብር አውጥቶ መስጠት ግን ማስተናገዱን ንግድ ያደርግባቸዋል። ለልጆችም መንገድ ላይ ሳንቲምና ከረሜላ አትበትኑ፤ ከእናንተ በኋላ በሚያልፈው ሞተር ፊት እጃቸውን ዘርግተው ይሮጣሉ።

ሴቶች ልጆቼም ጠይቃችሁኛል። ከወንዶቹ ይልቅ ጠንቃቆቹ እናንተ ናችሁ፣ አትውጡ አልላችሁም። ለእናንተ የምለየው፣ ማደሪያ ስትጠይቁ እማወራዋን ፈልጋችሁ ጠይቁ፤ ድንኳናችሁም ሴቶች ካሉበት ቤት አጥር ውስጥ ይሁን። እማወራዋ ቤት ውስጥ ካልተኛሽ ካሉ እሺ በሏቸው።

ስለ እንስሳት ሙያዬ ነውና ትንሽ ልቆይበት። የገጠር መንገድ የከብት መንገድ ነው። መንጋ ስታዩ ክላክስ አትንፉ፤ ፍጥነታችሁን ጨርሳችሁ ቀንሱና ዓይናችሁን መጀመሪያ ጥጆች ላይ አድርጉ። እናቲቱ በአንዱ ጠርዝ ጥጃዋ በሌላው ከሆኑ፣ ጥጃዋ ስትደነግጥ የምትሮጠው ወደ እናቷ ነው፤ በፊታችሁ ታቋርጣለች ማለት ነው። እነሱ አንድ ጎን እስኪሆኑ ቁሙ። አህያ ደግሞ መሐል መንገድ ላይ ደርቃ ልትቀር ትችላለች፤ ትንቀሳቀሳለች ብላችሁ አትገምቱ። እረኛውን እዩት፤ በየት በኩል ማለፍ እንዳለባችሁ በዱላው ያሳያችኋል። እንስሳ ከገጫችሁ ትታችሁ አትሂዱ። አንዲት ላም የአንድ ቤት ወተት፣ የልጆች ደብተር፣ የክፉ ቀን መጠባበቂያ ናት። ባለቤቱን አስጠሩ፣ በሽማግሌ ፊት ተነጋገሩ።

ውሻ ሲያባርራችሁ በእግራችሁ ለመማታት አትሞክሩ፤ የምትወድቁት ያኔ ነው። ቀስ ብላችሁ እለፉት፣ ካስፈለገም ቁሙ፤ ሩጫው ሲያቆም ብዙው ውሻ ይተዋችኋል። ከነከሳችሁ ግን ቁስሉ ትንሽ ነው አትበሉ። ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡት፣ ጉዞውን አቋርጡና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ ስለ ክትባቱ ጠይቁ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ በጊዜው ከተጀመረ ግን ይከላከላል። "መጀመሪያ የባህል መድኃኒት ልሞክር" ብለው ቀኑ ያለፈባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። እባካችሁ በዚህ ነገር አትዘግዩ።

ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የሁላዋ ሀገረ ሰላም ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። አንድ ሺህ ሜትር ስትወጡ ሙቀቱ ከ6 እስከ 7 ዲግሪ ይቀንሳል። በሸሚዝ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ያን ዕለት ማታ ጥርሱ የሚንገጫገጨው ልጅ ይህን ስላላሰበ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስና ከሥር የሚነጠፍ ነገር ያዙ፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ነው። አሁን የምለውን አደራ ስሙኝ፤ ድንኳን ውስጥ ከሰል አታስገቡ። የተንቀለቀለ ፍም ቢሆን፣ ጢሱ የወጣለት ቢሆን፣ ዚፑን በትንሹ ብትከፍቱ እንኳ አታስገቡ። የሚገድለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ደም ውስጥ ገብቶ የአየሩን ቦታ ይይዝና ሰውየው በእንቅልፉ ይቀራል። በየክረምቱ ቤት ውስጥ እንኳ ስንት ሰው እንደሚቀጠፍበት ትሰማላችሁ፤ ድንኳን ደግሞ ከቤት የጠበበ ነው። ከበረዳችሁ ተነሥታችሁ ባለቤቶቹን አንኳኩ።

ከሐይቁ ዳር ማደር የምትወዱም አላችሁ። ጉማሬ ሌሊት ሳር ሊግጥ ይወጣል፣ የሚመላለስበት የራሱ መንገድም አለው፤ ውሃው አጠገብ አትትከሉ፣ ዓሣ አጥማጆቹንም ሳትጠይቁ ቦታ አትምረጡ። ከ2,000 ሜትር በታች ወባ ስላለ አጎበር ያስፈልጋችኋል። በደጋ ደግሞ ጅብ አለ፤ ምግባችሁን ባለቤቶቹ ቤት አሳድሩ፣ የቆዳ ጫማችሁንም ውጭ አትተዉ።

ስለ ሞተሩ ከእኔ ይልቅ መካኒካችሁ ቢነግራችሁ ይሻላል፣ አጭር አደርገዋለሁ። ዓርብ ዕለት ፍሬኑን፣ ጎማውንና ሰንሰለቱን አሳዩ። ትርፍ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የጎማ መለጠፊያና መንፊያ ያዙ፤ ጎሚስታ የሌለበት ገጠር ነው የምትሄዱት። ቤንዚን ከማደያ ሞልታችሁ ውጡ፤ በሃይላንድ የሚሸጠው ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ዕቃው ከባዱ ከታች ይሁን። ጠጠር ላይ የፊት ፍሬን ብቻ ከያዛችሁ ጎማው ይንሸራተታል፤ ቁልቁለቱን ማርሽ ቀንሳችሁ ሞተሩ ራሱ ይያዝላችሁ። ፍጥነታችሁ እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከያዛችሁ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልጋችሁ ርቀት አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ በ60 የሚነዳ ሰው ይህን ይወቅ። የሲዳማ ቀይ አፈር ዝናብ ሲነካው ሳሙና ነው፤ ከሰው ታዛ ገብታችሁ እስኪያባራ ጠብቁ፣ ከዘነበም በኋላ ትንሽ እስኪጠነክር ታገሡ። ለጀማሪ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል።

ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ። በምትሄዱበት አካባቢ የሚኖር ሰው ደውላችሁ የመንገዱንና የአገሩን ሁኔታ ጠይቁ፤ "አትምጣ" ካላችሁ አትከራከሩ፣ ተራራው የትም አይሄድም። መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና መታወቂያ ያዙ፣ ኬላ ላይ ይጠየቃል። ለቤተሰብ ደግሞ "ወጣ ብዬ ልምጣ" አይበቃም፤ በየት በኩል እንደምታልፉ፣ የት ለማደር እንዳሰባችሁና እሁድ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ጽፋችሁ ተዉላቸው። ደጋው ላይ ኔትወርክ የማይገባበት ቦታ አለ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሩቅ አትሂዱ። የሥራ ባልደረባችሁ ወይም የትምህርት ቤት ጓደኛችሁ ቤተሰብ ያለበትን ገጠር ምረጡና "የእገሌ ጓደኛ ነኝ" ብላችሁ እዚያ እደሩ። ሁለተኛው መንገድ ከዚያ ቤት ይጀምራል፤ እነሱ ዘመዳቸው ወዳለበት ወደ ቀጣዩ ቀበሌ ይመሯችኋል። እኔ የሲዳማን ደጋ ያወቅሁት እንዲህ ከቤት ወደ ቤት ነው። እሁድ ጠዋት ስትነሡ ቆሻሻችሁን ሰብስባችሁ ይዛችሁ ተመለሱ፣ የተከላችሁበትን ካስማ ጉድጓድ ድፈኑ፤ ከብት እግሩ ይገባበታል። የባለቤቶቹን ስልክ ቁጥር ሳትወስዱ አትሂዱ። ሐዋሳ ስትገቡ ልብስ ሳትቀይሩ ደውላችሁ መድረሳችሁን ንገሯቸው። ከሰዓት በኋላ ዘንቦ ከነበረ ደግሞ ባላችሁበት ቆማችሁ ቶሎ ደውሉ፤ ቁልቁለቱን ስለሚያውቁት ይጨነቃሉ።