አባትሽ በጉን ገና አይሽጡት

ከደሴ የላክሽልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ እንደሆንሽና የሃንጋሪ መንግሥት ለሚሰጠው የነፃ ትምህርት ዕድል ለማመልከት እንዳሰብሽ ጽፈሻል። የመኝታ ክፍል ጓደኛሽ «ቋንቋውን የማያውቅ አይመረጥም» ብላሻለች። ስለዚህ በኢንተርኔት ሃንጋሪኛ ለሚያስተምር ሰው የሦስት ወር ክፍያ እንዲሆን አባትሽ በግ ሊሸጡልሽ ነው። አክስትሽ በበኩላቸው «ይልቅ ዐረብኛ ተማሪ» ይሉሻል። አንቺም «ልጀምር ወይስ ልተው?» ብለሽ ጠይቀሽኛል።

ልጄ፣ አባትሽ በጉን ለዚህ አይሽጡት።

ጓደኛሽ ያለችሽ ትክክል አይደለም። ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም የሚባለው ይህ ዕድል በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 የተጀመረ ሲሆን በእንግሊዝኛ የሚሰጡ ብዙ የትምህርት ዘርፎች አሉት። ማመልከቻውን በኢንተርኔት ታስገቢያለሽ፤ በእኛ በኩል ትምህርት ሚኒስቴር እጩዎችን ያቀርባል፤ ከዚያ የመረጥሽው ዩኒቨርሲቲ በራሱ መንገድ ይመዝንሻል። በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ትምህርት እስከመረጥሽ ድረስ በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ «ሃንጋሪኛ ትችያለሽ ወይ?» የሚልሽ የለም። የሃንጋሪ ቋንቋና ባህል ትምህርት የሚሰጥሽ ከገባሽ በኋላ በመጀመሪያው ዓመት ነው። በሃንጋሪኛ ለመማር የሚሄዱትም ቢሆኑ ቋንቋውን የሚያጠኑበት የመሰናዶ ዓመት አላቸው።

አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዲፕሎማቶቹን በሚያሠለጥንበት ተቋም ሃንጋሪኛ 44 ሳምንት፣ 1100 የክፍል ሰዓት ያስፈልገዋል ተብሎ ከከባዶቹ ቋንቋዎች ጋር ተመድቧል። የእኛ አማርኛም እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ያ ስሌት የተሠራው እንግሊዝኛ አፉን ለፈታ ሰው ቢሆንም ሚዛኑን ያሳይሻል። ሰውየው በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢያስተምርሽ በሦስት ወር የምታገኚው ከሃያ አራት ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በዚያ ሰላምታና ቁጥር ትለምጃለሽ፤ ማመልከቻሽ ላይ ግን ምንም አይጨምርልሽም።

ማመልከቻሽን የሚወስነውን ነገር አንቺው ከደብዳቤው ጋር አያይዘሽ ልከሽልኛል። በአማርኛ ስትጽፊልኝ፣ በቃሉ ወረዳ ማሽላውን አቀንጭራ እንዴት እንደሚያደርቀው፣ አረሙ ከመሬት ብቅ ሳይል ከሥሩ ተጣብቆ አዝመራውን መጥምጦ እንደሚጨርሰው፣ አባትሽ ከማሳው ዳር ቆመው ያሉትን ሁሉ ተርከሽልኛል። ሳነበው ማሳው ፊቴ ድቅን አለ። በእንግሊዝኛ ባረቀቅሽው የማመልከቻ ደብዳቤ ላይ ግን አቀንጭራ አንድም ቦታ የለም። ያለው «ታታሪ ተማሪ ነኝ፣ ሀገሬን ማገልገል እፈልጋለሁ» የሚል ሁሉም ሰው የሚጽፈው ነገር ነው። ያ ማሳ ወደ ደብዳቤው መግባት አለበት። የሚቀሩሽን ወራት እንግሊዝኛሽ ላይ አውያቸው። ማመልከቻው የሚዘጋው አብዛኛውን ጊዜ በጃንዋሪ አጋማሽ፣ ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። አባትሽ በግ መሸጥ ካለባቸው ለፓስፖርት፣ ለሰነድ ማረጋገጫና ለእንግሊዝኛ ፈተና ይሁን።

ይህን ሁሉ ስልሽ ግን ቋንቋውን ጥዪው ማለቴ አይደለም። ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች ከሚወራው በላይ የሚቀርብ ቋንቋ ነው። ሃንጋሪኛ ከአውሮፓ ጎረቤቶቹ ከጀርመንኛና ከስላቭ ቋንቋዎች ጋር አይዛመድም፤ ዘመዶቹ ፊንላንድኛ፣ ኤስቶንያኛና በሳይቤሪያ የሚነገሩት ሃንቲና ማንሲ ናቸው። ከአማርኛም ጋር በዘር አይገናኝም። አሠራሩን ስታዪው ግን አንዳንዱ ነገር የቤትሽ ያህል ነው።

«ሃዝ» ማለት ቤት ነው። «ላቶክ ኤጅ ሃዛት» ስትዪ «አንድ ቤት አያለሁ» ማለትሽ ነው። የታወቀ ቤት ከሆነ ግን ግሡ ራሱ ይለወጥና «ላቶም አ ሃዛት» ይሆናል፤ እኛ «ቤቱን አየዋለሁ» እንደምንለው። «ላትላክ» ደግሞ አንዲት ቃል ሆና «አይሻለሁ» ትላለች። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ወራት ይለፋል፤ አንቺ ግን በልጅነትሽ የጨረስሽው ጉዳይ ነው። «ቫን ሃዛም» ማለት «ቤት አለኝ» ነው፤ ቃል በቃል ስትፈቺው «ቤቴ አለ» ይላል፤ እነሱም እንደኛ «አለ» በሚለው ግሥ ነው ባለቤትነትን የሚናገሩት። ሦስት ቤት ሲሉም «ሃሮም ሃዝ» እንጂ ስሙን አያበዙትም። እኛ ከፊት «በ» የምንለውን እነሱ ከኋላ ይቀጥሉታል፦ «ሃዝባን» በቤት ውስጥ። ለአትክልት ቦታ ግን «ኬርትቤን» ይሆናል፤ «ባን» የነበረው «ቤን» የሚሆነው የቃሉን አናባቢ ተከትሎ ነው። ይህ በእኛ ዘንድ የለምና ጆሮሽን ማሠልጠን ይኖርብሻል። አናባቢ ሲረዝም ትርጉም ይለወጣል፤ ቃል ሲጠብቅና ሲላላ እንደሚለወጥብን ማለት ነው። ለወንድም ለሴትም አንድ ተውላጠ ስም ነው ያላቸው።

ስለዚህ ያለ ምንም ክፍያ ለአንድ ወር ያህል ማታ ማታ አሥራ አምስት ደቂቃ ሞክሪው። ፊደሉን፣ ቁጥሩን፣ ሰላምታውን። በወሩ መጨረሻ ደብተሩን ሳታስቢው የምታነሽው ከሆነ ቀጥይ፤ ሸክም ከሆነብሽ ያለ ምንም ጸጸት አስቀምጪው። ከተመረጥሽ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በርትተሽ ያዢው።

ለምን እንደሆነ ልንገርሽ። ከዓመታት በፊት ያማከርኩት አንድ የወልዲያ ልጅ ደብረትሰን ከተማ ገብቶ ነበር (ስሙ ከእኛ «ደብር» ጋር የሚዛመድ ይመስላል እንጂ ዝምድና የለውም)። በመጀመሪያው ሳምንት ሱቅ ሄዶ ወተት ገዛ፤ ሻዩ ላይ ሲያፈስሰው እንደ እርጎ ተቆራርጦ ወረደ። ወተት «ቴይ» ነው፤ እሱ ያነሣው «ቴይፌል» የሚባለውን የጎመዘዘ ክሬም ኖሯል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አሥር ቃል ከሱቅ ዕቃ ላይ እየገለበጠ አጠና። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤቱን አሮጊት በስማቸው ላይ «ኔኒ» ጨምሮ ይጠራቸው ጀመር፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። እሳቸውም እሑድ እሑድ ምሳ ይጠሩት ነበር። በመጽሐፍ አማርኛ የተማረ እንግዳ ደሴ መጥቶ ቡና ሲቀርብለት «ጀባ!» ቢሉት ምን ሊል ይችላል? ይህን የሚማረው ከረከቦቱ አጠገብ ተቀምጦ ነው። ሃንጋሪኛም እንዲሁ ነው።

ወርሐዊው ድጎማ ለመጀመሪያና ለሁለተኛ ዲግሪ 43,700 ፎሪንት (የሃንጋሪ ገንዘብ) ነው፤ ለኑሮ ያግዛል እንጂ ሁሉን አይሸፍንም። ጎን ለጎን ሥራ ለማግኘትም ሆነ ከምረቃ በኋላ እዚያው ለመቀጠር የሀገሩን ቋንቋ የሚናገር ይቀድማል።

አክስትሽ ያሉትንም አልንቀውም። ዕድሉ ባይሳካ ሃንጋሪኛ ወሎ ውስጥ እንጀራ አይሆንሽም። ዐረብኛ ለብዙ የወሎ ልጅ የሥራ በር ከፍቷል። እኔ ግን ለአንቺ የምመርጥልሽ ሦስተኛ ቋንቋ አለ፤ እሱም አፋን ኦሮሞ ነው። በግብርና ባለሙያነት ከሚሴ ወይም ባቲ ብትመደቢ ከገበሬው ጋር ማሳ ላይ የምትነጋገሪው በእሱ ነው። ከጎረቤት ልጅ ጋር ዛሬውኑ በነፃ መጀመር ትችያለሽ።

እስከሚቀጥለው ሳምንት ስለ አቀንጭራው አንድ ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ላኪልኝ። አባትሽ ከማሳው ዳር ቆመው ያሉትን እንዳትተዪው፤ እኔ አርሜ እመልስልሻለሁ።