ዶላሩን ልክፈል ወይስ ልመንዝር? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር ማራኪ ነዋሪ ነኝ። አባቴን ለልብ ሕክምና ወደ ኒው ዴልሂ ልወስድ ዝግጅት ላይ እገኛለሁ። ከባንክ የማገኘው ዶላር አለ፤ በውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜም ለጥምቀት ሲመጣ የተወሰነ ዶላር በእጁ ይዞልን መጥቷል። ከዓመታት በፊት ለሕክምና ሕንድ ሄደው የነበሩ ጎረቤታችን ደግሞ የተረፋቸውን የ1,000 እና የ2,000 ሩፒ ኖቶች ሰጥተውናል። አንዳንዱ «ዶላር የትም ያስከብራል፣ ሳትመነዝሪ በዶላር ክፈይ» ይለኛል፤ ሌላው «ሁሉንም ቦሌ ላይ ቀይሪው» ይላል። የትኛው ይሻላል?

መልስ፦ በቅድሚያ እግዚአብሔር አባትዎን ይማርልዎ። ምክራችን ዶላሩን ይዘው እንዲሄዱ፣ ክፍያዎን ግን በሩፒ እንዲፈጽሙ ነው። ዶላር በአብዛኛው አገር ተመንዛሪ መሆኑ እውነት ነው፤ ተመንዛሪ ነው ማለት ግን በየሱቁ መገበያያ ነው ማለት አይደለም። ዴልሂ ውስጥ የባጃጁ ሾፌርም፣ መድኃኒት ቤቱም፣ ከሆስፒታሉ አጠገብ ለአስታማሚ ክፍል የሚያከራየው ሰውም ዋጋ የሚናገሩት በሩፒ ነው። ዶላር ቢዘረጉለት የሚቀበል ሰው እንኳ ቢገኝ፣ ምንዛሪውን የሚቆርጠው እርሱ ራሱ ስለሆነ ለእርስዎ እንደማያደላ የታወቀ ነው፤ መልሱንም በዶላር አያገኙም።

እዚህ ላይ ሒሳቡን ቀረብ ብለን እንመልከት። ለምሳሌ ያህል አንድ መንዛሪ ለአንድ ዶላር 84 ሩፒ፣ ሌላው 80 ሩፒ ቢሰጥ፣ ልዩነቱ ከሳንቲም የማይቆጠር ይመስላል፤ 500 ዶላር ሲመነዝሩ ግን የ2,000 ሩፒ ልዩነት ይሆናል፤ ይህም ለቀናት ምግብ የሚበቃ ገንዘብ ነው። በመንዛሪ ቤት ሰሌዳ ላይ መግዣና መሸጫ የሚባሉ ሁለት ዋጋዎች አሉ። እርስዎን የሚመለከትዎ መግዣው፣ ማለትም ቤቱ ዶላሩን ከእርስዎ የሚገዛበት ዋጋ ነው። አንዳንዱ ቤት ጥሩ መግዣ ዋጋ ለጥፎ በኮሚሽን ስም መልሶ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰሌዳውን ከማመን ይልቅ «ይህን 100 ዶላር ብሰጥህ በእጄ የሚገባው ስንት ሩፒ ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚነግርዎትን ቁጥር ሰምተው ወደ ሁለተኛውና ወደ ሦስተኛው ቤት ሄደው ያነጻጽሩ።

ቦሌ ላይም ሆነ ዴልሂ አውሮፕላን ማረፊያ ሁሉንም መቀየር አይመከርም፤ የአውሮፕላን ማረፊያ ዋጋ ብዙውን ጊዜ ከከተማው ይብሳል። ለመጀመሪያው ቀን ታክሲና ምግብ የሚበቃ ትንሽ ገንዘብ ብቻ ዴልሂ አውሮፕላን ማረፊያ ይቀይሩ፤ የቀረውን ከተማ ውስጥ ፈቃድ ባለው መንዛሪ ወይም ባንክ፣ የሚያስፈልግዎትን ያህል እየከፋፈሉ ይመንዝሩ። ፓስፖርት ይጠየቃሉና አይርሱት። የሚሰጥዎትንም ደረሰኝ አይጣሉ፤ ሲመለሱ የተረፈዎትን ሩፒ ወደ ዶላር ለመለወጥ ሊጠየቁት ይችላሉና።

የጎረቤትዎን ሩፒ በተመለከተ፣ ደግነታቸውን እያመሰገንን እውነቱን መናገር ግድ ይለናል። የ1,000 ሩፒው ኖት እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በአንድ ሌሊት ከገበያ የታገደ ስለሆነ ዛሬ ምንም አይገዛም። የ2,000 ሩፒውን ደግሞ የሕንድ ማዕከላዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ከዝውውር እንዲወጣ አድርጓል፤ በሕግ ዋጋው ባይሰረዝም የሚለወጠው በራሱ በማዕከላዊ ባንኩ የተወሰኑ ቢሮዎች ስለሆነ፣ ታማሚ ይዞ ለሄደ ሰው የሚያዋጣ ድካም አይደለም። እኛም በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲቀየሩ በየቤቱ ተደብቆ የቆየ ገንዘብ ምን እንደገጠመው እናስታውሳለን። ከጉዞ የተረፈን የባዕድ አገር ኖት ለሚቀጥለው መንገደኛ ብሎ ለዓመታት ማስቀመጥ ኪሳራ የሚያመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚህ ይበልጥ ልናሳስብዎ የምንፈልገው የዶላሩን ገጽታ ነው። ከባንክ ሲረከቡ፣ ከወንድምዎም የተቀበሉትን ሲቆጥሩ፣ እያንዳንዱን ኖት በብርሃን ይዩት። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ የወጣው የ100 ዶላር ኖት በመካከሉ ሰፊ ሰማያዊ ጥለት አለው፤ መንዛሪዎች የሚመርጡትም ይህንኑ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የቀድሞዎቹንም ኖቶች ዋጋ አልሰረዘም፤ ይሁን እንጂ ከአሜሪካ ውጭ ብዙ መንዛሪ አሮጌውን፣ ጠርዙ የተቀደደውን፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበትን ወይም ማኅተም ያረፈበትን ኖት አልቀበልም ይላል፤ ቢቀበልም ዋጋ ይቀንሳል። የ10 እና የ20 ዶላር ኖቶችም በብዙ ቦታ ከድፍን መቶው ባነሰ ዋጋ ይመነዘራሉ። ይህ የሰው ጠባይ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በጎንደር ገበያ ማርያ ትሬዛ ብር ይዘዋወር በነበረበት ዘመን ነጋዴው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉት የዕንቁ ነጥቦች ጎልተው ካልታዩት ብሩን ይመልሰው ነበር። ባንክ ቤት የተሰጠዎት ኖት ካረጀ በጨዋ ቋንቋ «ይቀየርልኝ» ይበሉ፤ ከመስኮቱ ከራቁ በኋላ ሰሚ አያገኙም። ኖቶቹን አይጠፏቸው፣ በስቴፕለርም አይምቷቸው፤ በፖስታ ዘርግተው ይያዙ።

የወንድምዎ ዶላር ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአገር ሲወጡ የያዙትን ዶላር ከየት እንዳገኙት የሚያሳይ የባንክ ሰነድ ቦሌ ላይ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ከባንክ ለገዙት ሰነዱ ይሰጥዎታል፣ በእጅ ለተቀበሉት ግን የለዎትም። ስለዚህ ጉዳዩን አስቀድመው ለባንክዎ ያማክሩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ወንድምዎ ከእንግዲህ የሚረዳዎትን ከሚኖርበት አገር በቀጥታ ለሆስፒታሉ ሒሳብ እንዲልክ ማድረግ ነው፤ የሕክምናውን ዋና ክፍያ በጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ መጓዝ ለሌባም ለመጥፋትም ያጋልጣል። ሆስፒታሉ ዋጋውን በዶላር ከነገረዎት፣ በሩፒ ስንት እንደሆነና በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚሰላ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ከመነሳትዎ በፊት ይጠይቁ።

ሕንድ ሲገቡ በጥሬ ኖት ከ5,000 ዶላር በላይ ከያዙ ለጉምሩክ ማስመዝገብ ግዴታ ነው። ማስመዝገቡ ቀረጥ አያስከፍልም፤ አለማስመዝገቡ ግን ገንዘቡን ሊያስወርስ ይችላል።

ጥያቄ፦ አዘዞ የምኖር የልብስ ነጋዴ ነኝ፤ ዕቃ ለማየት ዱባይ እሄዳለሁ። ዶላር ልያዝ ወይስ ድርሃም? ባንክ የሰጠኝ የቪዛ ካርድስ ይሻል ይሆን?

መልስ፦ ዱባይ ላይ ሒሳቡ ቀላል ነው። የኤምሬትስ ድርሃም እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ በአንድ ዶላር 3.6725 ላይ የተቆረጠ ስለሆነ፣ 100 ዶላር ማለት 367 ድርሃም ከ25 ነው። ከዚህ የጎደለው ሁሉ የመንዛሪው ትርፍ ነው፤ አንድ ባለሱቅ በ3.50 ልቁጠርልህ ካለ በየ100 ዶላሩ ከ17 ድርሃም በላይ ወሰደብህ ማለት ነው። ስለዚህ ዶላርህን ይዘህ ሂድና እዚያው መንዛሪ ቤት ለውጠህ በድርሃም ተገበያይ። በድርሃም የሚገዛ ሰው ዋጋ ለመከራከርም ይመቸዋል፤ ባለሱቁ ቅናሹን በምንዛሪው ውስጥ ሊደብቅበት አይችልም።

ካርዱን ለሆቴልና ለትልልቅ ሱቆች ልትጠቀምበት ትችላለህ፤ ነገር ግን ሁለት ነገር አስተውል። ኤቲኤም ላይ በየአንዳንዱ ማውጣት የአገልግሎት ክፍያ ስለሚቆረጥ፣ ትንሽ ትንሽ እያልክ አታውጣ። የክፍያ ማሽኑ ደግሞ «በድርሃም ወይስ በካርድህ ገንዘብ?» የሚል ምርጫ ሊያሳይህ ይችላል። የለመድከውን ገንዘብ ስታይ እርሱን መንካት ያምርሃል፤ እርሱን ከነካህ ግን ምንዛሪውን የሚያሰላው የባለሱቁ ማሽን ነው፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከባንክህ ይወደዳል። ሁልጊዜ ድርሃምን ምረጥ፤ ሻጩ ቸኩሎ ሌላውን ከነካብህ ደረሰኙ ላይ ሳትፈርም ክፍያው ተሰርዞ እንደገና እንዲሠራልህ ጠይቅ።