መልስ፦ ተራራ ለሚወድ ሰው ዶሚኒካ ትሆናለች ወይ?

ወንድሜ፣ «ባሕር ዳር መጋደም ይሰለቸኛል፤ ተራራና ጫካ ለሚወድ ሰው ዶሚኒካ ትሆናለች ወይ?» ላልከው፣ እንዴታ! ብቻ ትኬት ስትቆርጥ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ጋር እንዳትምታታብህ፤ ዶሚኒካ ሌላ የካሪቢያን ደሴት አገር ነች።

እሳተ ገሞራ የወለዳት ደሴት ስለሆነች አሸዋዋ በአብዛኛው ጥቁር ነው። ላንተ ዋናው ነገር የሚፈላው ሐይቅ ነው። በእግር ደርሶ መልስ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ መንገድ መሪ ሳትይዝ እንዳትሞክረው። መንገዱ ድኝ ድኝ በሚሸት፣ መሬቱ እዚህም እዚያም በሚንተከተክ ራቁት ሸለቆ ያልፋል። ከዚያ ሐይቁን ታገኛለህ፦ እንደተጣደ ድስት የሚፍለቀለቅ ግራጫ ውሃ። መጀመሪያ እንፋሎት ብቻ ቢታይህ ተስፋ ቆርጠህ አትመለስ፤ ነፋስ ገለጥ እስኪያደርገው ቁጭ ብለህ ጠብቅ።

ወፍ ከወደድክ በማለዳ ወደ ሞርን ዲያብሎቲን ተራራ (1,447 ሜትር) ጫካ ውጣ። ባንዲራቸው ላይ ያለው ሲሰሩ የተባለው በቀቀን በዱር የሚኖረው እዚያች ደሴት ላይ ብቻ ነው። በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ጫካውን መላጣ አስቀርታው ነበር፤ አሁን አረንጓዴው ተመልሷል።

ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ዝናቡ ይቀንሳል እንጂ አይቀርም። ጭቃ ላይ የማያንሸራትት ጫማና የዝናብ ልብስ እንዳትረሳ።