ጌጁ እየነዳሁ ይጨምራል

ሰሞኑን አንድ ወጣት ጥያቄ ጠየቀኝ። ፒካፑ ካሶኒ ላይ ተጨማሪ የናፍጣ ታንከር ሊጭን ነው። «ጋሼ፣ ከላይኛው ታንከር የሚመጣውን ነዳጅ ለመቆጣጠር አንድ ቫልቭ ይበቃኛል?» አለኝ። ወዲያው መመለስ እችል ነበር። ግን አልመለስኩለትም፤ ሌሊቱንም እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህንኑ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በፊት ራሴን ጠይቄ፣ «ይበቃል» ብዬ አልፌው ነበር።

ያኔ ወጣት መካኒክ ነበርኩ። እጁ ፈጣን ነው ይሉኛል፤ ይህን መስማት ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ባለመኪና የናፍጣ ፒካፕ ይዞ መጣ። መኪናው ረጅም መንገድ ስለሚመላለስ 200 ሊትር የሚይዝ ታንከር ግጠምልኝ አለ። በማግስቱ ጉዞ ስላለ ቸኩሏል። ከሁለቱ ታንከሮች የሚመጡትን ቱቦዎች በአንድ መቀየሪያ ቫልቭ አገናኝቼ ወደ ሞተሩ ላክኋቸው። እጀታው ወደ ግራ ሲዞር ከዋናው ይስባል፣ ወደ ቀኝ ሲዞር ከተጨማሪው። ሞከርኩት፣ ሠራ። አስረከብኩ።

የናፍጣ ሞተር ግን የሳበውን ሁሉ አያቃጥልም። ከፓምፑና ነዳጁን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት ኢንጀክተሮች የተረፈው ነዳጅ በመመለሻ ቱቦ፣ እኛ ሪተርን በምንለው፣ ወደ ታንከር ይመለሳል። እኔ ሪተርኑን አልነካሁትም። እንደነበረው ወደ ዋናው ታንከር ይገባል። ሾፌሩ ከተጨማሪው እየሳበ በነዳ ቁጥር ትርፉ ዋናው ውስጥ ይጠራቀማል። ዋናው ሲሞላ ደግሞ በመተንፈሻውና በክዳኑ በኩል መንገድ ላይ ይፈሳል።

ሾፌሩ ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ ጋራዡ ጎራ አለ። እኩያዬ ነው፣ ረጋ ያለ ሰው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ወንድሜ፣ ጌጁ እየነዳሁ ይጨምራል» አለኝ። የነዳጁን መጠን የሚያሳየውን ማለቱ ነው።

«ጌጅ እኮ ይሳሳታል» አልኩት።

«ናፍጣም ይሸተኛል።»

«ናፍጣ ጭነህ ምን እንዲሸትህ ፈለግህ?» አልኩት። አብሮኝ የሚሠራው ልጅ ሳቀ። ሾፌሩ አልሳቀም። ትንሽ ቆሞ አየኝና ሄደ።

እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ይህ ነው። ሰውየው መልሱን እጄ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። አንድ ቦታ ተገትሮ የቀረ ጌጅ ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። መኪናው እየሄደ ወደ ላይ የሚወጣ ጌጅ ግን ከሆነ ቦታ ነዳጅ እየገባ ነው ማለት ነው። እሱ መካኒክ አልነበረም፤ ያየውን ነው የነገረኝ። እኔ መካኒክ ነኝ ብዬ አልሰማሁትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለቤቱ ብቻውን መጣ። በየጉዞው 20 ሊትር ያህል ይጎድላል። «ያንተ ሥራ ያፈሳል ወይስ ሰውየው ይሸጣል?» አለኝ። መኪናው ሥር ገብቼ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ በነጭ ጨርቅ ጠረግኋቸው። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ወጣ። «በኔ በኩል አንዲት ጠብታ አይወጣም» አልኩ። ሾፌሩ ሌባ ተብሎ ተባረረ።

አዲስ ሾፌር ተቀጠረ። ነዳጁ አሁንም ይጎድላል። አንድ ቀን መኪናው ለፍሬን ሸራ መጣ። የኋላ ጎማውን ለመፍታት ቁጢጥ ስል ዓይኔ ከነዳጅ መሙያው በታች አረፈ። ከክዳኑ ጀምሮ እስከ ጎማው ድረስ መዳፍ የሚያህል አቧራ ቀለሙ ላይ ተለጥፏል። ሌላው ቦታ ላይ ያለው አቧራ በእጅ ሲነካ ይበናል፤ ይኸኛው ግን እንደ ጭቃ ተጣብቋል። በጣቴ ነካ አድርጌ አሸተትኩት። ናፍጣ ነው። ጎማውን ሳልፈታ እዚያው ቁጭ አልኩ።

በዚያው ቀን መሳቢያውንና ሪተርኑን አብሮ የሚቀይር ቫልቭ ገጠምኩ። ነዳጁ የተሳበበት ታንከር፣ ትርፉም እዚያው ይመለሳል። ለባለቤቱ «ትንሽ ማስተካከያ አድርጌያለሁ» አልኩት። የሾፌሩን ነገር አላነሳሁም። ደንበኛው ይሄድብኛል ብዬ ፈራሁ። በኋላ ልቤ ሲሞግተኝ ሾፌሩን ብፈልገው፣ የት እንደገባ የሚያውቅ ሰው አጣሁ።

ወደ ልጁ ጥያቄ ልመለስ። እሱ ያሰበው ነዳጁን ከላይኛው ታንከር ወደ ዋናው ማውረድ ነው። ሞተሩ ሁልጊዜ ከዋናው ስለሚስብ የሪተርን ችግር የለበትም። ግን በእጅ የሚዘጋ ቫልቭ ብቻውን አይበቃም። ሰው ይረሳል። ዋናው ሲሞላ በራሱ የሚዘጋ ተንሳፋፊ ቫልቭ መስመሩ ላይ ይግባ፤ የእጁም ቫልቭ ይኑር። ይህ ደግሞ ለናፍጣ ብቻ ነው። ቤንዚን በብርድም ቢሆን የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል። ቤንዚንን በዚህ መንገድ ላውርድ የሚለኝን ሰው አላግዘውም።

በፓምፕ አወርዳለሁ የምትሉም አላችሁ። ፓምፑን ማጥፋት ነዳጁን ማቆም እንዳይመስላችሁ። የላይኛው ታንከር ከዋናው ከፍ ካለ፣ ነዳጁ በቆመው ፓምፕ ውስጥ አልፎ ራሱን እየሳበ ሊወርድ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ የሚዘጋ ሶሌኖይድ ቫልቭ ያስፈልጋል። እውነቱን ለመናገር ሽቦ የበዛበት ነገር አልወድም። ሽቦ ይበጠሳል፣ ፊውዝ ይቃጠላል፤ የእጅ ቫልቭን የሚያህል የለም። የራሴ መኪና ላይ የገጠምኩት ግን ሶሌኖይድ ነው፤ እኔም ሰው ነኝ፣ እረሳለሁ።

መተንፈሻውን ደግሞ አደራ። አየር ካልገባ ነዳጅ አይወርድም። ሥራውን ያስተማሩኝ አዛውንት ማንኛውንም ታንከር ከመግጠማቸው በፊት የመተንፈሻውን ቱቦ በአፋቸው ይነፉት ነበር። ጢማቸው ሁልጊዜ ናፍጣ ይሸታል። «ታንከር እንደ ሰው ነው፣ ካልተነፈሰ አይሠራም» ይሉን ነበር። እናንተ በአፍ አትንፉ፣ በኮምፕሬሰር በቀስታ ንፉት። ታንከሩንም እስከ አፉ ጢም አድርጋችሁ አትሙሉት። ናፍጣ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ሙቀቱ በ20 ዲግሪ ሲጨምር 200 ሊትር ናፍጣ ከ3 ሊትር በላይ ተጨማሪ ቦታ ይፈልጋል።

ስለ ቱቦ ማሰሪያና ስለ ፊልትሮ አልነግራችሁም። ያን የማያውቅ ታንከር ባይነካ ይሻላል።

የዛሬ ልጆች፣ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ስልክ ላይ አምስት ደቂቃ ቪዲዮ ታያላችሁ፣ ከሰዓት ትገጥማላችሁ። ቪዲዮው የሚያልቀው ሞተሩ ሲነሳ ነው። የኔም ሥራ ሞተሩ ሲነሳ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ትጠይቃላችሁ፤ ይህን እወድላችኋለሁ። እኛ መጠየቅ ያሳፍረን ነበር። እኔ ያን ቀን አንድ ሰው ብጠይቅ ኖሮ ያ ሾፌር እንጀራውን አያጣም ነበር።

አንተ ጠያቂዬ፣ አንድም ቱቦ ከመቁረጥህ በፊት መስመሩን በወረቀት ሥለህ ላክልኝ። ሪተርኑን በሌላ ቀለም አድርገው። መኪናውን የሚነዳው ሌላ ሰው ከሆነ ደግሞ እሱንም አገናኘኝ፤ ከመጀመሪያው ጉዞ ሲመለስ ያየውን ራሱ እንዲነግረኝ እፈልጋለሁ።