ለዛንዚባር ጠያቂዋ፦ ትኬቱን ተይውና ከኢንሹራንሱ ጀምሪ

እህቴ፣ «ከደብረ ማርቆስ ነን፤ በጥር ከባለቤቴ ጋር ዛንዚባር ልንሄድ አስበናል፤ አሮጌውን ከተማና ደሴቶቹን ለማየት ምን እንወቅ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ብዙዎቹ «መልካም ጉዞ» ብለው አልፈውሻል። እኔና ባለቤቴ ከባሕር ዳር ተነስተን አይተነው መጥተናል። ስለ ሻንጣና ስለ ፎቶ ሌላ ሰው ይንገርሽ፤ እኔ ገንዘብ የሚበላውን ልንገርሽ።

1. ኢንሹራንስ። ዛንዚባር የታንዛኒያ ግዛት ብትሆንም ከኦክቶበር 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከውጭ የሚገባ ጎብኚ የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ ታስገድዳለች። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው፤ ከመንግሥታቸው ድረ ገጽ ላይ ይገዛል። ከሌላ ቦታ የገዛሽው አይተካውም። የኛ የጉዞ ወኪል ይህን ወይ አያውቅም፣ ወይ አውቆ ዝም ብሏል። «ዓለም አቀፍ ነው፣ የትም ይሠራል» ብሎ ትልቅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሸጠልን። ኤርፖርት ስንደርስ ልጅቷ ወረቀቱን ገልጣ እንኳ አላየችውም። በጣቷ ወደ መክፈያው ጠቆመችን። ለሁለት ሰው 88 ዶላር! ያውም ባንክ ቤት «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» እየተባልን ደጅ ጠንተን ካገኘናት ዶላር ላይ።

ስመለስ በቀጥታ ወደ ወኪሉ ቢሮ ሄድኩ። «ኢንሹራንሱ እኮ ይሠራል፤ እዚያ ብቻ ነው የማይሠራው» አለኝ። እዚያ ብቻ! ሌላ የት ልሄድ ኖሯል? እኔም ወንበር ስቤ ቁጭ አልኩ። ደንበኛ በገባ ቁጥር ታሪኩን ከሀ ጀምሬ መተረክ ያዝኩ። ግማሹን አውጥቶ ሰጠኝ። ጎጃሜ ገንዘቡን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

2. ቢጫ ካርድ። የቢጫ ወባ ክትባት ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው ካርዱ የሚጸናው። አንዴ ከተወጋችሁ ግን ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። እስከ ዋዜማው አትቆዩ።

3. ፌስታል። አትሳቂ። ታንዛኒያ ከ2019 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ፌስታል ከልክላለች፣ ለመንገደኛም ጭምር። ባለቤቴ ዳቦ ቆሎውን በፌስታል ላይ ፌስታል ደርባ ነበር የያዘችው። እዚያው ሰልፍ ላይ ፌስታሉን አስረከበች፣ ዳቦ ቆሎው በነጠላዋ ጫፍ ተቋጠረ። ነጠላሽን በነገራችን ላይ ያዢ። ነዋሪው በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ትከሻና ጉልበት ተሸፍኖ ሲኬድ ሰላምታቸውም ይሞቃል።

ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ ደግሞ ደላላ አለ። ሳትቀጥሩት አብሯችሁ ይሄዳል፣ በር ያሳያል፣ መጨረሻ ላይ ሂሳብ ይላል። ገና ከጅምሩ «አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም» በሉ። «የድንቆች ቤት» የሚሉት ቤተ መንግሥት አለ፤ የዛንዚባሩ ሱልጣን ባርጋሽ በ1883 (እ.ኤ.አ.) ያሠራው ነው። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ከፊሉ ተደርምሶ እኛ ስንሄድ ዝግ ነበር። ደላላው ግን «እኔ አስገባችኋለሁ» ይላችኋል። ገንዘባችሁን ለድሮው የባሪያ ገበያ አቆዩት። ገበያው በ1873 (እ.ኤ.አ.) ተዘግቶ ቦታው ላይ የአንግሊካን ካቴድራል ተሠርቷል። ግቢው ውስጥ አምስት የድንጋይ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ቆመዋል፤ አንገታቸው ላይ የብረት ሰንሰለት አለ። ባለቤቴ ስልኳን ቦርሳዋ ከተተችው።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ችግር የለም። በኮኮናት ወተት የሚሠራ ቦሎቄ አላቸው፣ ቻፓቲ ከሚሉት ቂጣቸው ጋር ይጣፍጣል። ሰዓትም እንደኛ ነው የሚቆጥሩት፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ካሉ ሁለት ሰዓት ነው። ግን እንግዳ ሲያዩ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይሩታል። «በናንተ ነው ወይስ በፈረንጅ?» ብለሽ ጠይቂ።

ከደሴቶቹ ቻንጉን አትለፉ። እስር ቤት ተብሎ ተሠርቶ፣ የቢጫ ወባ ማግለያ ሆኖ የቀረ ደሴት ነው። ከሲሼልስ የመጡ ግዙፍ ዔሊዎች አሉበት። ከጀልባ ባለቤት ጋር ጣና ላይ የተከራከረ ሰው እዚያ አይበለጥም። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ ለሰው? የደሴቱ መግቢያ አለበት ወይስ የለበትም? ይህን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ግማሹን ደግሞ ከተመለሳችሁ በኋላ ነው የምትከፍሉት።