መጀመሪያ ቁጥሩን እዩ

ልጆቼ፣

ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲጠና ሰው ሁሉ ቤቱ ይከተታል። ያኔ የእኔ ስልክ መጮህ ይጀምራል። «ጋሼ፣ ኔት የለም!» ጡረታ ወጥቻለሁ ብል ማን ሊሰማኝ። እኔም አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ «አይፒህ (የመሣሪያህ የኔት አድራሻ ቁጥር) ስንት ይላል?» ዝም። ራውተሩን፣ ኔቱን ለቤቱ የሚያከፋፍለውን ሳጥን፣ አሥር ጊዜ ነቅሎ ሰክቷል፣ ቁጥሩን ግን አላየውም።

ቁጥሩ ብዙ ያወራል። 169.254 ብሎ ከጀመረ፣ መሣሪያው አድራሻ ለምኖ የሚሰጠው ሲያጣ ለራሱ ያወጣው ነው። ቴሌ ብትደውሉ ትርፉ ድካም ነው፤ ጣጣው እዚያው ቤታችሁ ውስጥ ነው። 192.168 ካለ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራውተሩ አድራሻ ሰጥቷል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ፈልጉ።

አንዲት ተማሪ በቀደም ጥሩ ጥያቄ ጠየቀችኝ። የእሷ ላፕቶፕ 192.168.1.5 ይላል፤ ደብረ ሲና ያለችው ጓደኛዋም እንዲሁ። እንዴት አይምታታም? በየግቢው አንድ ማሙሽ አይጠፋም አልኳት። እናቱ ከጓዳ ስትጠራው ራሱ ይመጣል። ከአስፋልቱ ዳር ሆነሽ «ማሙሽ!» ብትዪ ግን የትኛው ይውጣ? 192.168 የግቢ ስም ነው፤ ውጭ አይሠራም። ውጭ የሚታወቀው ራውተሩ የያዘው ቁጥር ነው። እሱ ማን ምን እንደጠየቀ ይመዘግባል፣ መልሱ ሲመጣ ለባለቤቱ ያደርሳል።

ይህ ሁሉ የመጣው ከእጥረት ነው። የድሮው አድራሻ 32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 ቦታ) ስለሆነ ጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ነው። ያልታደለው አድራሻ የሚቀመጥበት የዓለም ዋናው ጎተራ እ.ኤ.አ. በ2011 ባዶ ቀርቷል። ባለ 128 ቢቱ አዲስ አድራሻ ቢኖርም አሮጌው ገና አለቀቀንም። ስለዚህ አንዳንዴ ራውተሩ በውጭ በኩል የያዘው ቁጥር ራሱ የኔት አቅራቢው የግቢ ስም ነው፤ ውጭ የሚታወቀውን ቁጥር ብዙ ደንበኞች በጋራ ይጠቀሙበታል፤ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ካያችሁት ያው ነው። የሱቃችሁን ካሜራ ሸዋ ሮቢት ሆናችሁ በቀጥታ ልክፈት ብትሉ እምቢ የሚለው ለዚህ ነው።

እኔም ቁጥር ሳላይ ተዋርጃለሁ። ለአንድ መሥሪያ ቤት ፕሪንተር በእጄ 192.168.1.20 ሰጠሁት። ራውተሩ ደግሞ ከ2 እስከ 100 ያለውን ላገኘው ሁሉ ያድላል። ፕሪንተሩ ጠፍቶ ሲያድር 20ን ለሒሳብ ሠራተኛዋ ኮምፒውተር ይሰጣል። ጠዋት ፕሪንተሩ ሲበራ ሁለቱ ይጣላሉ። እኔ ሦስት ቀን ሙሉ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ኬብል ቀየርኩ! በአራተኛው ቀን ፕሪንተሩን ወደ 200 አዛወርኩት፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ገና በመጀመሪያው ቀን «ፕሪንተሩ ሲበራ እኮ ነው የሚጠፋብኝ» ብላኝ ነበር። ስቄባት ነበር።